የፒክአፕን ፊት ማንሣት፦ የሚገኘው ከፍታና የሚከፈለው ዋጋ

ባዶ ፒክአፕ ሜዳ ላይ ቆሞ ከጎኑ ሲታይ አፍንጫው ከኋላው ዝቅ ብሎ ይታያል። ይህ ጉድለት ሳይሆን ታስቦበት የተሠራ ነው። የኋላው ባሌስትራ ጭነት ሲያርፍበት ዝቅ ስለሚል፣ መኪናው ከመሬቱ ጋር ትይዩ የሚሆነው ሲጫን ነው። ሆኖም ብዙ ባለንብረቶች ለመልክ፣ ትልቅ ጎማ ለመግጠም ወይም በሸካራ መንገድ ላይ የፊቱ አካል እንዳይመታ በማሰብ ፊቱን ከኋላው ጋር እኩል ያደርጉታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚህ መንገድ የሚገኘው ከፍታ ከምን ላይ እንደሚወሰድ ማብራራት ነው።

ለአብነት እ.ኤ.አ. በ2004 ለገበያ የቀረበውን ሰባተኛውን የቶዮታ ሃይሉክስ ትውልድ እንውሰድ። እያንዳንዱን የፊት ጎማ የላይኛውና የታችኛው ብራቾ ይይዙታል፤ ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ላይ ተገጥመው ከታች በታችኛው ብራቾ፣ ከላይ በቻሲሱ ላይ ይታሰራሉ። ሞላው የሚያርፈው በብራቾው ጫፍ ላይ ባለመሆኑ ብራቾው እንደ መፈንቅል ይሠራል። ሞላው ከማጠፊያው ያለው ርቀት ከብራቾው ርዝመት 55 በመቶ ነው ብለን ብናስብ፣ 20 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀለበት የመኪናውን ፊት 36 ሚሊሜትር ገደማ ያነሣል። ስለዚህ የቀለበቱን ውፍረት እንደ መኪናው ከፍታ መቁጠር ስሕተት ነው።

ቀለበቱ በሁለት ቦታዎች ሊገባ ይችላል። አንደኛው በአሞርዛተሩ አናትና በቻሲሱ መካከል ነው። በዚህ ጊዜ የአሞርዛተሩ ርዝመት አይለወጥም፤ ነገር ግን ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ብራቾውና ሲሚያሱ ከታሰበላቸው ማዕዘን አልፈው ይወርዳሉ። ጎማው ወደ ላይ ሲገፋ ደግሞ አሞርዛተሩ የብራቾው መግቻ ጎማ ሳይነካ ቀድሞ ሊጨርስ ይችላል። ሁለተኛው ቦታ በሞላውና በመቀመጫው መካከል ነው። ይህም ያንኑ ከፍታ ይሰጣል፤ አሞርዛተሩ ግን ቀድሞ ስለተዘረጋ ወደ ታች የሚቀረው እንቅስቃሴ ያጥራል፤ በጉድጓድ ላይም ተዘርግቶ ጫፉ ላይ ይመታል። ከፍታው አንድ ሲሆን ዋጋው የተለያየ ነው።

በሁለቱም መንገድ የሞላው ጥንካሬ አይጨምርም። የቀድሞዎቹ ፒክአፖች የሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ ላይም ይኸው ነው፦ ቡሎኑን ማጥበቅ የብራቾውን አቋም ይለውጣል እንጂ ዘንጉን አያጠነክረውም። ከፊት በኩል ከባድ የብረት መከላከያ ወይም መጎተቻ ለተገጠመለት መኪና ተገቢው መፍትሔ ለክብደቱ የሚመጥን ሞላ ነው።

ብራቾዎቹ ሲያዘቀዝቁ የጎማው አቀማመጥም ይለወጣል። መሪው ራሱን ወደ መካከል የመመለስ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ጎማውም በአንድ ወገን ያልቃል። ስለዚህ ከሥራው በኋላ የጎማ አላይመንት መሠራት አለበት። በሌላ በኩል፣ ፊቱ ሲነሣ መኪናው ዳገት የሚጀምርበት ማዕዘን ይሻሻላል፤ ከኋላው ዲፈረንሻል ሥር ያለው ክፍተት ግን አይለወጥም፤ እርሱን የሚያሳድገው የጎማው ቁመት ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ ሊዘነጋ የማይገባው ጭነት ነው። ባዶውን እኩል የሆነ መኪና ሲጫን ኋላው ይወርዳል፤ አፍንጫውም ወደ ላይ ይነሣል። በዚህ ጊዜ የፊት መብራቱ መንገዱን ትቶ ከፊት ለፊት የሚመጣውን አሽከርካሪ ዓይን ያጠቃል። ዋጋውን የሚከፍለው እንግዲህ ባለንብረቱ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ልኬቱ ከሥራው በፊት በባዶውና በተለመደው ጭነት፣ ከጎማው መካከል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ሊወሰድ ይገባል። የሚነሣውም ከፍታ ሲጫን ከሚኖረው አቋም ተነሥቶ ይወሰን፤ የመብራቱም አቅጣጫ በጭነት ይፈተሽ። ሁልጊዜ ጭነት ለሚይዝ መኪና የፋብሪካው ዝንባሌ ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ሆኖ ይገኛል።