ልጅነታችንን ደግመን ስንሠራው

ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ልጅነታቸው እጅግ ርቆ ነበር። በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት የጀመሩት ደራሲ ከዚያ ወዲህ የጣሊያንን ወረራ ተዋግተዋል፤ ተማርከው በጣሊያን ደሴቶች ለዓመታት ታስረዋል፤ ኋላም በዲፕሎማትነት አገራቸውን በውጭ ወክለዋል። ይህን ሁሉ ካዩ በኋላ ለመጀመሪያው ታላቅ ልብ ወለዳቸው የመረጡት ግን የጎጃምን የባላባት ቤትና የቤተ ክህነት ተማሪውን ዓለም ነው። የልጅነት ትዝታ በአዋቂ ሰው ማንነትና ፈጠራ ላይ እንደሚበረታ ይህ ብቻ ያሳያል። የሚበረታው ግን ሳይለወጥ ተጠብቆ ስለሚቆይ ሳይሆን ደጋግመን ስለምንሠራው ነው እላለሁ።

ትዝታን ብዙዎቻችን ዕቃ እንደተቆለፈበት ሣጥን እናስበዋለን። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፍሬድሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው መጽሐፉ ሰው ያለፈውን ባስታወሰ ቁጥር እንደ አዲስ እንደሚያዋቅረው አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ዴሚስ ሃሳቢስና ኤሌኖር ማጓየር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍላቸው የተጎዳ ሰዎችን አጠኑ። እነዚህ ሰዎች ያለፈውን ማስታወስ ተስኗቸዋል፤ አንድ ያልነበረ ትዕይንት፣ ለምሳሌ ባሕር ዳርቻ ላይ መተኛትን፣ በሐሳባቸው እንዲሥሉ ሲጠየቁም አብዛኞቹ ከተበጣጠሰ ቁርጥራጭ በላይ ማምጣት አልቻሉም። ማስታወስና መፍጠር አንድ መሠረት ይጋራሉ ማለት ነው። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነውን በዛብህንም ስናይ እንዲሁ ነው። የቤተ ክህነት ተማሪው ሕይወት ደራሲው የኖሩት ነው፤ የበዛብህ ዕጣ ግን የእሳቸው አይደለም። ሌላው ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሳ በባላባቱ ሥርዓት ላይ የሚያነሣውም ትችት ከልጅ አፍ አይወጣም፤ ልጅ ያየውን ዓለም አዋቂ መዝኖ የሰጠው ፍርድ ነው።

«ትዝታ ይሳሳታል፤ ታዲያ እንዴት ማንነት ይቆምበታል?» የሚል ይኖራል። መሳሳቱ እውነት ነው። ኤሊዛቤት ሎፍተስና ባልደረባዋ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጥናት ከ24 ተሳታፊዎች ሩብ ያህሉ በልጅነታቸው ገበያ ማዕከል ውስጥ ጠፍተው እንደነበር፣ ነገሩ ፈጽሞ ሳይሆን፣ በሙሉ ወይም በከፊል አስታውሰናል ብለዋል። ይህ በፍርድ ቤት ምስክርነት ላይ ከባድ ነገር ነው። ስለ ማንነት ስናወራ ግን የሚያስጠነቅቀን ሌላ ነው፤ ሌሎች ስለ ልጅነታችን የሚነግሩን ታሪክ የራሳችን ትዝታ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። «ይህ ልጅ ድሮም ሰነፍ ነበር» እየተባለ ያደገ ሰው ይህንኑ ይዞ ይኖራል፤ ነገሩን መልሶ የመረመረው ዕለት ግን ሊያርመው ይችላል። ሌሎች ደግሞ ልጅነት ይህን ያህል ከበረታ ከአንድ ቤት የወጡ ወንድማማቾች ለምን ተለያዩ ይላሉ። ተፈጥሮ ድርሻ አላት፤ አልክድም። ቢሆንም አንዱን ቤት እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ማስታወሱ ትዝታ የሚሠራ ነገር መሆኑን ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም።

ትዝታን የመሥራቱ ሥራ የሚጀመረው ገና በሕፃንነት ነው። ሮቢን ፊቩሽና ኢሌን ሪስ እንዳጠኑት፣ እናቶች ስላለፈ ነገር ዝርዝር እያነሡና እየጠየቁ ሲያወሯቸው ልጆች የራሳቸውን ታሪክ ይበልጥ አስፍተው መናገር ይችላሉ። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ትናንት ያየውን ሊያወራ ሲመጣ «ዝም በል» አትበሉት፤ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁት።