ሴንሰሩ "58" ሲል፣ ጣታችን ምን ይላል?



በቅርቡ አንዲት እናት ሊታዩ መጡ። አሜሪካ ያለችው ልጃቸው ክንድ ላይ የሚለጠፍ የስኳር መለኪያ ሴንሰር ልካላቸዋለች፤ ቁጥሩን እሷም እዚያው ሆና በስልኳ ታያለች። ታዲያ ሌሊት ሌሊት "58 ገባ!" እያለች ስትደውል ቤቱ በሙሉ ይነሳል፣ እሳቸውም ስኳር በጥብጠው ይጠጣሉ። ጠዋት በጣት ሲለኩ ግን 280! "ዶክተር፣ የቱን ልመን?" አሉኝ።

በየትኛው ጎን እንደሚተኙ ጠየቅኳቸው። "በግራ" አሉኝ። ሴንሰሩም ያለው ግራ ክንዳቸው ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴንሰሩ በቀጥታ ደም አይለካም። ቀጭኗ ጫፉ ከቆዳ ስር ገብታ በህዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ ስኳር ትለካለች። ስለዚህ ከደም ስኳር ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ሊዘገይ ይችላል። ክንዳችንን ተጭነነው ስንተኛ ደግሞ የውሸት ዝቅተኛ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል።

ቴክኖሎጂው በጣም እየሄደ ነው። ሙሉ በሙሉ ከቆዳ ስር የሚቀበረው ኤቨርሰንስ አሜሪካ ውስጥ በ2018 ለ90 ቀን፣ በ2024 ደግሞ ለአንድ ዓመት እንዲያገለግል ተፈቅዷል። ከኢንሱሊን ፓምፕ ጋር ተጣምረው መጠኑን ራሳቸው የሚያስተካክሉም አሉ። ግን አንዳቸውም ከሰውየው ስሜት ጋር ሳይመሳከሩ አይታመኑም።

ስለዚህ፦

✅ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ እርስዎ ደህና ከሆኑ፣ በጣት ይለኩ። የጣት መለኪያ አጠገብዎ ከሌለ ግን ዝቅ ብሏል ብለው ስኳር ይውሰዱ።

✅ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ካለ ሴንሰሩ "ደህና ነው" ቢልም አይዘናጉ፤ በጣት ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ወይም መለካት ካልቻሉ፣ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ጠጥተው ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ።

✅ ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይስጡ፤ ቶሎ ወደ ሆስፒታል!

✅ ሴንሰሩን አይተው ብቻ የኢንሱሊን መጠን በራስዎ አይቀይሩ።

✅ የጣት መለኪያውን አይጣሉት። ሴንሰሩ ያልቃል፣ ከውጭ የሚልከውም ሰው ሊዘገይ ይችላል።

እኚህ እናት ቀጣዩን ሴንሰር በቀኝ ክንዳቸው አደረጉ። ልጃቸውም አሁን ስትደውል መጀመሪያ የምትለው "እማዬ፣ በጣትሽ ተለኪ" ነው።

ውጭ ሆናችሁ ለቤተሰብ ሴንሰር የምትልኩ፣ የጣት መለኪያና ስትሪፕም አብራችሁ ላኩ። ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርጉት።