ከቁራጭ ጨርቅ የሚሰፋ ብርድ ልብስና የካውያ ሥራ

ከሊማሊሞ ገደል ግርጌ ያለችው ድብ ባሕር ሞቅ ያለች ብትሆንም፣ ዳገቱን ወጥቶ ደባርቅ ለሚያድር ሰው የሌሊቱ ብርድ ቀላል አይደለም። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በእንዲህ ያለ አገር ብርድ ልብስ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ጌጥ ሳይሆን ጤና ነው። ስለዚህ ከልብስ ሰፊዎች የሚተርፈውን ቁራጭ ጨርቅ እየገጣጠሙ ብርድ ልብስ ለሚሰፉ እናቶችና እኅቶች፣ እንዲሁም ለፕሮጀክት ሠራተኞች፣ ብዙ ጊዜ ችላ ስለሚባለው ስለ ካውያ ሥራ ጥቂት ልናስረዳ እንወዳለን።

ጨርቅ ደርቦ መልበስ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ጋቢያችን አራት እጥፍ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በሰሜን አሜሪካ የሉተራንና የሜኖናይት አብያተ ክርስቲያናት ሴቶች ከቁራጭ ጨርቅ የሰፉትን ብርድ ልብስ ለተቸገሩ ሲልኩ ኖረዋል። ይሁን እንጂ በእኛ ዘንድ የተጣጣፈ ልብስ «ድሪቶ» ተብሎ ይናቃል። ብርድ ልብሱን ከድሪቶ የሚለየው የጨርቁ ውድነት አይደለም፤ የመስመሩ ቀጥ ማለትና የስፌቱ መተኛት ነው። ተቀባዩም ክብሩ እንደ ተጠበቀለት የሚያውቀው በዚህ ነው።

ከመቁረጥ በፊት

አቡጀዲም ሆነ የሸማኔ ጥጥ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል። ስለዚህ ጨርቁ አስቀድሞ ይታጠብ፤ ጥቂት እርጥበት እንዳለውም ይተኮስ። ሳይታጠብ የተሰፋ እንደሆነ በመጀመሪያው እጥበት አንዱ ቁራጭ ተሰብስቦ ሌላውን ይጎትተዋል።

የጨርቁ ዓይነት ካልታወቀ አንድ ክር መዝዞ ማቃጠል ይበቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ዐመድ ይሆናል፤ ናይሎንና ቴትሮን ግን ቀልጠው ጠጣር እንክብል ይሠራሉ። የሚቀልጠውን ለብቻ ለይተን በለዘበ ካውያ፣ ጨርቅ ደርበን እንተኩሰዋለን።

መጫን እንጂ መግፋት አይደለም

ሸሚዝ ሲተኮስ ካውያው ወዲያና ወዲህ ይነዳል። ለስፌት ግን ይህ አይሆንም። ድርና ማጉ በተለይ በሰያፍ በተቆረጠ ጨርቅ ላይ ስለሚላላ፣ የተገፋው ቁራጭ ይለጠጥና ቅርጹን ያጣል። ካውያውን አስቀምጡ፣ ጥቂት ጫን አድርጉ፣ አንሡ፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ቦታ እለፉ።

ሁለት ቁራጮች እንደ ተሰፉ መጀመሪያ ሳይገለጡ፣ እንደ ተደራረቡ ስፌቱን መተኮስ ይገባል። በዚህ ክሩ ወደ ጨርቁ ውስጥ ይሰምጣል። በረድ ሲል ተገልጦ በገጹ በኩል ይተኮሳል። የስፌቱ ትርፍ ወደ አንድ ወገን፣ በተለይ ወደ ጠቆረው ጨርቅ ቢተኛ ይመረጣል። እንዲህ ሲሆን ትርፉ በነጣው ጨርቅ ሥር አይታይም፤ ክሩም ስለሚሸፈን ስፌቱ ይጠነክራል። ብዙ ስፌት በአንድ ነጥብ ሲገናኝና ሲወፍር ግን ትርፉን ወደ ሁለት ከፍሎ መተኮስ ይሻላል። የአንዱ ረድፍ ስፌት ወደ ቀኝ ከተኛ የሚቀጥለው ረድፍ ወደ ግራ ይተኛ፤ ሁለቱ ረድፎች ሲጋጠሙ ስፌቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ።

ይህን ያህል መጠንቀቅ ለምን ያስፈልጋል? ሂሳቡ ቀላል ነው። በደንብ ያልተገለጠ ስፌት በእያንዳንዱ ወገን 1 ሚሊሜትር ቢደብቅ አንድ ስፌት 2 ሚሊሜትር ይወስዳል። አሥር ቁራጭ ያለው ረድፍ ዘጠኝ ስፌት ስላለው 18 ሚሊሜትር ያጥራል። ከዚያ በኋላ በትክክል ከተተኮሰው ረድፍ ጋር አይገጥምም።

ስለ ከሰል ካውያ

መብራት በሌለበት ወይም በሚጠፋበት ቦታ የከሰል ካውያ ታማኝ መሣሪያ ነው፤ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ አልቆ ፍም እስኪሆን ይጠበቅ። ዐመዱ ከጨርቁ ርቆ ይራገፍ፤ የካውያው ሆድም በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ በማይፈለግ ቁራጭ ላይ ይሞከር።

ከሁሉ በላይ ግን ብርድ ነው ብላችሁ በርና መስኮት ዘግታችሁ አትተኩሱ። ፍም ሽታና ቀለም የሌለው መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። ጭስ ባይታይም ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ይገድላልም። የሕመም ስሜት የተሰማው ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ።

ከሰል ለመቆጠብ ቁራጮቹን እየሰፉ ማጠራቀምና በአንድ ጊዜ መተኮስ ይቻላል። እስከዚያው ስፌቱን በጥፍር ወይም በለሰለሰ እንጨት ጫን አድርጎ ማስተኛት ይበቃል። ለመተኮሻም በጠረጴዛ ላይ የታጠፈ አሮጌ ብርድ ልብስና ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይነጠፍ፤ ምንጣፉ ከመጠን በላይ ከወፈረ ስፌቱ አይተኛም።

በመጨረሻ አንድ ነገር እናሳስባለን። ባዘቶው በመካከል ገብቶ ከላይና ከታች ከተሰፋ በኋላ ካውያ አያስፈልግም። ሙቀት የሚሰጠው በጥጡ መካከል የታቈረው አየር ነው፤ ካውያ ጥጡን ካመቀው ብርድ ልብሱ ቢያምርም አያሞቅም። እንግዲህ የካውያው ሥራ ሁሉ ከዚያ በፊት፣ በእያንዳንዱ ስፌት ላይ ይፈጸም።