ከማልበስ በፊት መፋቅ

ደሴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የክረምት ዝናብ ሲወርድ ውሃው ቁልቁል ወደ ቦርከና ይሮጣል፤ በመንገዱ የሚያገኘው ደግሞ አስፋልት፣ ሱቅ፣ የግቢ በርና ጓሮ ነው። ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ የአስፋልት ከፍታ ከመኪና ምቾት ያለፈ ጉዳይ ነው። ሰኞ ገበያን በመሰለ፣ ቤትና ሱቅ ትከሻ ለትከሻ በቆመበት ሰፈር፣ መንገዱ ከበሩ ደፍ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ ጎርፉ ቦዩን ትቶ ግቢ ይገባል።

ያረጀ አስፋልት ሲታደስ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ቀላሉ ዘዴ አሮጌውን ሳይነኩ በላዩ አዲስ ንጣፍ ማልበስ ነው። አንዱ ንጣፍ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው። ከዓመታት በኋላ ሁለተኛው ይደረባል፤ ከዚያም ሦስተኛው። ሦስተኛው ላይ ሲደረስ መንገዱ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ አድጓል፤ መጀመሪያ ከአስፋልቱ በላይ ቆሞ የነበረው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ድንጋይ ተውጧል ማለት ነው። የማንሆል ክዳኖች ወደ ውስጥ ቀርተው ጎማ የሚመታ ጉድጓድ ይሆናሉ። የግቢው ባለቤትም ውሃ ሲገባበት ዝም ብሎ አያይም። በሩ ላይ የሲሚንቶ ደፍ ያስሠራል፣ ወይም ገረጋንቲ ያስደፋል፤ ውሃው ከዚያ ወደ ጎረቤት ይዞራል። ጎረቤቱም የራሱን ደፍ ይሠራል። የመንገድ ጥገና በዚህ ዓይነት የሰፈር ጠብ ይሆናል።

የዚህ መፍትሔ በመንገድ ሠራተኞች ዘንድ ሚሊንግ የሚባለው ሥራ ነው፤ ያረጀውን የላይኛውን ንጣፍ በማሽን ፍቆ አንስቶ፣ አዲሱን በዚያው ከፍታ መልሶ ማንጠፍ። አዲስ አበባ ውስጥ በዋና ዋና መንገዶች ጥገና ላይ ማሽኑን ያየ ሰው ይኖራል። የማሽኑ ልብ ሆዱ ሥር የተሰቀለ የብረት ከበሮ ነው። በከበሮው ዙሪያ በጠመዝማዛ መስመር የተደረደሩ ጥርሶች አሉ፤ 2 ሜትር ስፋት ባለው ከበሮ ላይ 160 ያህል ይሆናሉ፣ በመደበኛው አደራደር በመካከላቸው 15 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት አለ። የእያንዳንዱ ጥርስ ጫፍ ከተንግስተን ካርባይድ የተሠራ ነው። ጥርሱ በማቀፊያው ውስጥ ስለሚሽከረከር በአንድ ጎን ብቻ አይበላም፤ ዙሪያውን እኩል ያልቃል። ከበሮው ማሽኑ ከሚሄድበት በተቃራኒ እየዞረ አስፋልቱን ከሥር ወደ ላይ ይፈነቅለዋል፤ የተፈጨው ነገር በማመላለሻ ቀበቶ ወጥቶ ከፊት በሚሄደው ዳምፕ ትራክ ላይ ይራገፋል። በዚህ ሁሉ መካከል ውሃ ይረጫል፤ ጥርሶቹን ያቀዘቅዛል፣ አቧራውንም ያፍናል።

የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ግን እንዲህ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጀርመኑ ዊርትገን ኩባንያ ይህን የመፋቅ ሥራ ሲጀምር አስፋልቱን በጋዝ ነበልባል እያሞቀ ነበር የሚፍቀው። ጠንካራ ጥርሶች ሲመጡ ማሞቂያው ቀረ፤ ዛሬ ሥራው በዓለም ዙሪያ ቀዝቃዛ ሚሊንግ የሚባለውም ለዚህ ነው። እኔ ከማሽኑ ነገር ሁሉ የማደንቀው ጉልበቱን ሳይሆን ልኩን ነው። በጎን ያሉት መለኪያዎች የጠርዙን ድንጋይ ወይም የተወጠረ ሽቦ እየተከተሉ ጥልቀቱን በሚሊ ሜትር ይቆጣጠራሉ። ወጣ ገባ የሆነውን መንገድ አስተካክሎ፣ ወደ ቦዩ የሚያዘነብለውን ተዳፋቱን ይመልስለታል። ከ35 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ትናንሽ ማሽኖችም አሉ፤ በማንሆል ዙሪያና በግቢ መግቢያ ላይ የሚያስፈልጉት እነሱ ናቸው።

መንገዱ ለምን ያረጃል የሚለው ጥያቄ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መስመር ላይ ጥሩ መልስ ያገኛል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። የሐረጎን ዳገት አቋርጦ የሚወርደው መንገድ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። መሥመሩን ለመኪና ያበጁት ጣሊያኖች ናቸው፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ዘመን አዲስ አበባን በጣርማ በርና በደሴ በኩል ከአስመራ ጋር ያገናኙበት አውራ ጎዳና አካል ነው። በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ የአገሪቱን መንገዶች ጥገና ተረከበ። ያን ጊዜ በዚህ ዳገት ይወጡ የነበሩት መኪኖች ከዛሬው ሲኖትራክና ተሳቢ ጋር አይወዳደሩም።

ክብደት ሲጨምር አስፋልት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በዚያው ልክ ብቻ አይጨምርም። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በተደረገው ትልቅ የመንገድ ሙከራ እንደታየው፣ የአክስል ጭነት በእጥፍ ሲያድግ ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ ይደርሳል። 8 ቶን ገደማ የሆነውን መደበኛ አክስል መነሻ ካደረግን፣ 12 ቶን የጫነ አንድ አክስል የአራት ወይም የአምስት መደበኛ አክስሎችን ያህል መንገዱን ይበላል። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል መጥቶ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚደርሰው ጭነት፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩና የፋብሪካዎቹ ዕቃ፣ ከዚያም ወደ ደሴና ወደ ሰሜን የሚወጣው ሁሉ በዚህ ስሌት ውስጥ ይገባል።

ፍጥነትም አለበት። ሬንጅ እንደ ማር ነው፤ ሲሞቅ ይፈስሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ በዝግታ ሲጫኑትም ቦታውን ይለቃል። ዳገት ላይ በመጀመሪያ ማርሽ የሚያዘግም ተሳቢ አንዱን ነጥብ ረጅም ጊዜ ይጫነዋል። ከሰዓት በኋላ በፀሐይ የሞቀ አስፋልት ጎማው የሚሄድበትን መስመር ይዞ ይሰምጣል፤ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ፍሬን ወደ ፊት እየገፋው ማዕበል ይሠራል። በሰመጠው መስመር ውስጥ ዝናብ ይተኛል። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ አዲስ ንጣፍ ብትደርብ፣ የተበላሸው ንጣፍ ከሥር መንቀሳቀሱን ስለማይተው በጥቂት ዓመት ውስጥ ያው ቅርጽ ወደ ላይ ይመጣል። የሰመጠው መጀመሪያ መፋቅ አለበት።

ብርዱስ? በሰሜን አሜሪካ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዴንቨር የቤት መግቢያ አስፋልት ዋና ጠላት በረዶ ነው። በስንጥቅ የገባው ውሃ ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስንጥቁን ያሰፋዋል፣ ሲቀልጥ ባዶ ጉድጓድ ትቶ ይሄዳል። ደሴ ላይ መሬት እስኪረጋ የሚያደርስ ብርድ ስለሌለ፣ ከዚያ አገር የተቀዳ ምክር እንዳለ አይሠራም። የእኛ ደጋ አስፋልት የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው። ከፍታው ሲጨምር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚበረታ የላዩ ሬንጅ ቶሎ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ቀን ሞቆ ሌሊት የሚቀዘቅዘው አየር ስንጥቁን ያሰፋዋል። ከዚያ በልግ ይመጣል፣ ቀጥሎ ክረምት፤ ውሃው በስንጥቁ ወርዶ ከአስፋልቱ በታች ያለውን ጠጠር ያለሰልሰዋል። አንድ ጉድጓድ የምናይ ጊዜ ጥፋቱ ከሥር ከጀመረ ቆይቷል።

ብርዱ ይበልጥ የሚያስቸግረው ሠራተኛውን ነው። ደሴ ላይ አስፋልት ለመሥራት የሚመቸው ደረቁ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ይኸው ጊዜ ደግሞ ማለዳው የሚቀዘቅዝበት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚወርድበት ነው። ትኩስ የአስፋልት ድብልቅ ከማምረቻው ፕላንት ሲወጣ 150 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ሮለሩ ጠቅጥቆ መጨረስ ያለበት ከ80 ወይም ከ90 ዲግሪ በታች ሳይወርድ ነው። ከዚያ ከወረደ ቢጠቀጠቅም አይተኛም፤ በውስጡ የሚቀረው ክፍተት የውሃ ማደሪያ ይሆናል። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ ቀዝቃዛ መሬት ላይ ነፋስ እያገኘው ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ወደዚያ ይወርዳል። ውፍረቱ በግማሽ ቢቀንስ ጊዜው ከግማሽም በታች ነው። ፕላንቱ ወርዶ ኮምቦልቻ በኩል ቢተከል፣ የጫነው መኪና ሐረጎን ሲወጣ ድብልቁ የሚያጣው ሙቀትም ይህን ጊዜ ያሳጥረዋል። ስለዚህ ጭነቱን በሸራ መሸፈን፣ ሥራውን ፀሐይ መሬቱን ካሞቀ በኋላ ከጠዋቱ 4 ሰዓት መጀመር፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳያልፍ ማቆም፣ ለቅንጦት የሚደረግ ጥንቃቄ አይደለም።

የሬንጁ ዓይነትም ይለያል። በአገራችን የሚታወቁት 60/70 እና 80/100 የሚባሉት ደረጃዎች ናቸው። ቁጥሩ አንድ መርፌ በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ በ100 ግራም ክብደት፣ በ5 ሰከንድ ውስጥ ስንት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ሬንጁ ውስጥ እንደገባ ይነግረናል፤ ትልቁ ቁጥር ለስላሳው ነው። ደጋው ላይ በብርድ እንዳይሰነጠቅ ለስላሳው ይመከራል፤ ሙቀትና ከባድ መኪና ባለበት ቆላ ጠንካራው። ደሴና ኮምቦልቻ በአንድ መንገድ የተያያዙ ሆነው በአየር ግን 4 ዲግሪ ገደማ ይራራቃሉ፤ በመካከላቸው ያለው ዳገት ደግሞ ብርዱንም ከባዱንም ጭነት አጣምሮ ይዟል።

ፍቆ ማንሳት በራሱ ጥገና አይደለም። ከተፋቀ በኋላ ያለው ገጽ ደህና ተጠርጎ፣ ደርቆ፣ አዲሱን ከአሮጌው የሚያጣብቀው ታክ ኮት የሚባል በውሃ የተበጠበጠ ሬንጅ (ኢመልሽን) ይረጫል። ሲረጭ ቡናማ ነው፤ ውሃው ወጥቶ ሲጠቁር ብቻ ነው አዲሱ ንጣፍ የሚቀጥለው። ደሴ ላይ በደመናማ ቀን ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ትዕግሥት የሌለው ተቋራጭ የሚዘልለውም ይህንኑ ነው። ሌላው ስሕተት ከአሮጌው ንጣፍ አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር የምታክል ስስ ቅርፊት መተው ነው። ያች ቅርፊት ከሥሯ ካለው ጋር አትያያዝም፤ አዲሱን ንጣፍ ይዛ ትነሣለች። እስከ ንጣፉ መጋጠሚያ ድረስ መውረድ ይሻላል። የተፋቀ መንገድ ሳይሸፈን ዝናብ ሊያገኘውም አይገባም፤ ጥርሶቹ የተዉት ቦይ ሁሉ ውሃ ይይዛል።

ማሽኑ የማይፈታው ችግርም አለ። ከሥር ያለው ጠጠር በውሃ ከበሰበሰ፣ እርስ በርሱ የተያያዘ መረብ መሰል ስንጥቅ መንገዱን ከሸፈነውና መሬቱ በእግር ሲረገጥ ከላላ፣ የላዩን መፋቅ ገንዘብ ማባከን ነው። ያ ቦታ እስከ መሠረቱ ተቆፍሮ፣ ውሃው መውጫ ተበጅቶለት፣ በአዲስ ማቴሪያል ይሞላል። ቦዩ ተደፍኖ ሳለ አስፋልት የሚያነጥፍ ከተማም ያንኑ ብር ደግሞ ይከፍላል።

የተፋቀው ነገር የት ይሄዳል? ብዙ የማስብበት ይህ ነው። 7 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በ5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት 100 ሜትር ርዝመት ቢፋቅ 35 ሜትር ኩብ ይወጣል፤ በክብደት 80 ቶን ያልፋል። ከዚህ ውስጥ 5 በመቶ ገደማው ሬንጅ ነው፤ ወደ 4 ቶን። ሬንጅ በዶላር ተገዝቶ ከውጭ የሚገባ ነገር ነው፤ የቀረውም ከተራራ ተፈልጦ፣ ተፈጭቶ፣ ተጓጉዞ የመጣ ድንጋይ ነው። ይህን እንደ ፍርስራሽ ገደል ውስጥ መድፋት በጣም ያሳዝነኛል። በፕላንት ውስጥ ከአዲሱ ጋር ተቀላቅሎ ተመልሶ አስፋልት ሊሆን ይችላል። ያ ባይቻል እንኳ ለግቢ መግቢያና ለመንደር ውስጥ ለውስጥ መንገድ ከተራ ጠጠር ይበልጣል። 8 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር አድርጎ አንጥፎ፣ ውሃ ረጭቶ፣ በሮለር ወይም በእጅ መጠቅጠቂያ መምታት ነው። ፀሐይ ሲሞቀው አሮጌው ሬንጅ ትንሽ ይያያዛል፤ አቧራው ይቀንሳል፣ ጎርፍ እንደ ኮረኮንች በቀላሉ አይጠርገውም። ደሴ ከኮምቦልቻ ስለምትቀዘቅዝ መያያዙ ይደክማል፤ እዚያ ጥቂት ኢመልሽን ወይም ከ1 እስከ 2 በመቶ ሲሚንቶ መጨመር ይረዳል።

ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ላለ ግቢ ግን ኮብልስቶንን እመርጣለሁ። ድንጋዩ ሲሰምጥ ይነቀላል፣ ከሥሩ አሸዋ ተስተካክሎ ይመለሳል፤ ማሽን አይፈልግም፣ ብርድም አያሰጋውም። ዋናው ነገር መግቢያው ከአስፋልቱ ጋር የሚገናኝበት መስመር ነው። መንገዱ ተፍቆ ወደ ድሮ ከፍታው ሲመለስ ባለቤቶች የሠሯቸው የሲሚንቶ ደፎች በአየር ላይ ይቀራሉ፤ መኪና ሆዱን ይመታባቸዋል፣ ውሃም ከሥራቸው ይሸረሽራል። ስለዚህ ፍቀቱ ከመጀመሩ በፊት መሐንዲሱ ከቤት ወደ ቤት እየሄደ የእያንዳንዱን በር ከፍታ ለክቶ በንድፉ ላይ ማስፈር ይኖርበታል፤ ደፎቹም ከዋናው ሥራ ጋር አብረው ፈርሰው፣ መግቢያው ወደ ቦዩ እንዲያዘነብል ሆኖ በዚያው ውል ውስጥ መሠራት አለበት።