ስለ ፕሌትሌት ምርመራና ስለ አስመጪው ኀላፊነት

በሰው ደም ውስጥ ከቀይና ከነጭ ሕዋሳት በቀር ፕሌትሌት የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን አካላት ይገኛሉ። በጤነኛ ሰው ደም፣ በአንድ ማይክሮሊትር ከ150,000 እስከ 450,000 ይቆጠራሉ፤ ተግባራቸውም በቆሰለው ስፍራ ተጣብቀው የሚፈሰውን ደም ማቆም ነው። ይሁን እንጂ ቁጥራቸው ሙሉ ሆኖ ሥራቸው የጎደለ ሊሆን ስለሚችል፣ መቁጠር ብቻውን አይበቃም። ይህ ጉድለት ሳይታወቅለት ቀዶ ጥገና የሚደረግለት በሽተኛ ብዙ ደም ሊፈሰው ይችላል።

ጉስታቭ ቦርን በ1962 እ.ኤ.አ. ያስታወቀው ዘዴ፣ ፕሌትሌቶች ሲሰባሰቡ በፈሳሹ ውስጥ የሚያልፈውን ብርሃን ይለካል፤ ዛሬም ይሠራበታል። ነገር ግን በርከት ያለ ደም ይፈልጋል፤ የፕሌትሌቱ ቁጥር እጅግ ባነሰ ጊዜም አያመችም። ፍሎ ሳይቶሜትሪ የተባለው ዘዴ ግን በጥቂት ደም ስለሚሠራ፣ ለሕፃናት ጭምር ይስማማል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ደሙ፣ የሚያበራ ቀለም ከተያያዘበት አንቲቦዲ ጋር ይቀላቀላል። ከዚያም ሕዋሳቱ አንድ በአንድ በሌዘር ጨረር ፊት ሲያልፉ፣ መሣሪያው የሚያወጡትን ብርሃን ይመዘግባል። ሲዲ41 እና ሲዲ61 የተባሉት ምልክቶች የታጡ እንደሆነ፣ በ1918 እ.ኤ.አ. ግላንዝማን የገለጸው የውርስ በሽታ ይጠረጠራል። ፕሌትሌቱ በማነቃቂያ ተቀስቅሶ ሳለ ሲዲ62ፒ በገጹ ላይ ካልታየ ደግሞ ሥራው መድከሙ ይታወቃል።

ለአስመጪው ዋናው ነገር ይህ ነው፤ መሣሪያው አንድ ጊዜ ይገዛል፤ አንቲቦዲው ግን በየጊዜው ይታዘዛል። ይኸውም ዕቃ በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከብርሃን ተሰውሮና ወደ በረዶ ሳይለወጥ መጠበቅ አለበት። የሚመረመረው ደም ግን በተቃራኒው ነው፤ ቅዝቃዜ ፕሌትሌቱን ስለሚቀሰቅሰው በክፍል ሙቀት ተይዞ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ይመረመራል። ስለዚህ ደሙ ወደ ሩቅ ላቦራቶሪ እንዲላክ አያመችም፤ ዕቃው በሽተኛው ወዳለበት ስፍራ ሊደርስ ይገባል።

በሙቀት የተበላሸ አንቲቦዲ በዓይን ሲታይ ከደኅናው ላይለይ ይችላል፤ ብርሃኑ ግን ስለሚደክም ጤነኛውን ሰው በሽተኛ ሊያስመስለው ይችላል። ብልህ አስመጪ እንግዲህ ከማዘዙ አስቀድሞ የዕቃውን ማብቂያ ቀን፣ በአውሮፕላን ጣቢያና በጉምሩክ የሚቆይበትን ቀዝቃዛ መጋዘን፣ መሣሪያውንም የሚጠግን ባለሙያ መኖሩን አጣርቶ ያረጋግጣል።