ከቢሮ የወጣ ሞኒተር ለፎቶ ሥራ

የሠርግ አልበም ታትሞ ሲመጣ የሙሽራዋ ፊት ቢጫ ከሆነ መጀመሪያ የሚወቀሰው ማተሚያ ቤቱ ነው። ጥፋቱ ግን ፎቶው ከተስተካከለበት ስክሪን ሊጀምር ይችላል። ስክሪኑ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ከሆነ፣ ኤዲት የሚያደርገው ሰው ፊቱ ደኅና እስኪመስለው ድረስ ቢጫ ይጨምራል፤ ማተሚያውም የተጨመረውን ቢጫ እንዳለ ያወጣዋል።

ለቀለም ሥራ ተብለው የሚመረቱ አዳዲስ ሞኒተሮች ውድ ናቸው። ሆኖም ትልልቅ ድርጅቶች ኮምፒውተሮቻቸውን በየጥቂት ዓመቱ ሲቀይሩ ደኅና ሞኒተሮችም አብረው ወጥተው ያገለገሉ ዕቃዎች ገበያ ይገባሉ። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ዴል እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው አልትራሻርፕ ዩ2412ኤም ነው። ከጥግ እስከ ጥግ 24 ኢንች ሲሆን 1920 በ1200 ፒክስል አለው። ከተለመደው የ1080 ስክሪን በ120 መስመር ስለሚረዝም ፎቶው ሳይጠብ የፎቶሾፕ መሣሪያዎችም ቦታ ያገኛሉ።

ይህን ሞኒተር ለፎቶ የሚያበቃው በውስጡ ያለው አይፒኤስ የተባለው ፓነል ነው። ሂታቺ በ1990ዎቹ አጋማሽ ለገበያ ባበቃው በዚህ ዘዴ ፈሳሽ ክሪስታሎቹ የሚዞሩት ከመስታወቱ ጋር ትይዩ ሆነው ነው፤ ስለዚህ ተመልካቹ ከጎን ቢያይ እንኳ ቀለሙ ብዙም አይለወጥም። በርካሽ ሞኒተሮች የተለመደው ቲኤን ፓነል ግን ራስን ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ሲያደርጉ ጥላውን ያጠቁረዋል፣ አለዚያም ያነጣዋል። በእንዲህ ያለ ስክሪን ላይ የትኛው ብርሃን ትክክል እንደሆነ መወሰን ያስቸግራል። ቪኤ የሚባለው በመካከል ነው፤ ጥቁሩ ጥልቅ ቢሆንም ከጎን ሲታይ ቀለሙ ይደበዝዛል።

ቀጣዩ ጥያቄ የቀለም ስፋት ነው። ኤችፒና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ያዘጋጁት ኤስአርጂቢ የኢንተርኔት መደበኛ የቀለም መለኪያ ሲሆን ብዙ ፎቶ ቤቶችም የሚቀበሉት እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የመጣው አዶቤ አርጂቢ በተለይ በአረንጓዴው በኩል ይሰፋል። እንደ ዴል ዩ2410 ያሉት ሞኒተሮች አብዛኛውን የአዶቤ አርጂቢ ቀለም ማሳየት ይችላሉ። ይህ ብልጫ ቢመስልም የራሱ ጣጣ አለው፤ የቀለም ፕሮፋይል በማያነብ ፕሮግራም ሲከፈት የጠይም ሰው ፊት እንደበሰለ ቲማቲም ይቀላል። ሥራው ለስልክ፣ ለማኅበራዊ ሚዲያና ለተራ ኅትመት ከሆነ ኤስአርጂቢን በደንብ የሚሸፍን ሞኒተር ይበቃል።

ያገለገለ ሞኒተር ላይ ከሁሉ በላይ የሚያረጀው ከፓነሉ ጀርባ ያለው መብራት ነው። እንደ ዩ2410 ያሉት የቀድሞዎቹ ቀጭን የፍሎረሰንት ቱቦ ይጠቀማሉ፤ ቱቦው ብዙ ሺህ ሰዓት ሲሠራ ይደክማል፣ ነጩም ወደ ቢጫ ያዘነብላል። ዩ2412ኤም በኤልኢዲ ስለሚበራ በዚህ በኩል የተሻለ ነው። የተመረተበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባ ባለው ወረቀት ላይ ይገኛል። የኢዞ ከለርኤጅ ሞኒተሮች ደግሞ ስንት ሰዓት እንደሠሩ በሜኑአቸው ያሳያሉ፤ ገዢው ቁጥሩን ሳያይ ዋጋ መነጋገር የለበትም።

ሱቅ ሲኬድ የራስን ላፕቶፕና ገመድ ይዞ መሄድ ይጠቅማል። ሞኒተሩ ግማሽ ሰዓት ያህል በርቶ ከሞቀ በኋላ ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ በነጭ፣ በግራጫ፣ በጥቁር፣ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ተራ በተራ መሙላት ያስፈልጋል። የሞተ ፒክስል በነጩ ላይ እንደ ጥቁር ነጥብ ይታያል። ግራጫው አንዱን ጥግ ሮዝ፣ ሌላውን አረንጓዴ የሚያደርግ ከሆነ የትኛውም ማስተካከያ አያድነውም። በጠርዝ ላይ ያለ አንድ የሞተ ፒክስል ግን ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያት ነው።

የገመድ መሰኪያውም ይታይ። ዩ2412ኤም ቪጂኤ፣ ዲቪአይና ዲስፕሌይፖርት እንጂ ኤችዲኤምአይ የለውም። ኤችዲኤምአይ ብቻ ያለው ላፕቶፕ ወደ ዲቪአይ በሚቀይር ተራ ገመድ ይገናኛል። አናሎጉ ቪጂኤ ምስሉን ሊያደበዝዝ ስለሚችል ለፎቶ አይመረጥም።

ከተገዛ በኋላ መጀመሪያ የሚደረገው ብርሃኑን መቀነስ ነው። የዩ2412ኤም ከፍተኛ ብርሃን 300 ካንዴላ በካሬ ሜትር ይደርሳል፤ ለኅትመት ሥራ የሚመከረው ግን ከ80 እስከ 120 ነው። ስክሪኑ ከመጠን በላይ ሲበራ አስተካካዩ ፎቶውን ያጨልማል፤ ወረቀት ላይ ሲወጣም ይጠቁራል። ቀለሙን በትክክል ለማስያዝ በስክሪኑ ላይ የሚቀመጥ የቀለም መለኪያ መሣሪያና እንደ ዲስፕሌይካል ያለ ነፃ ፕሮግራም ያስፈልጋል። የተለመደው ዒላማ 6500 ኬልቪንና ጋማ 2.2 ነው። መሣሪያው በጥቂት ደቂቃ ሥራውን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ስክሪን ሊሄድ ስለሚችል፣ ተቀራርበው የሚሠሩ ፎቶ አንሺዎች አንዱን በጋራ ገዝተው በየወሩ ሊፈራረቁበት ይችላሉ።