ዓይን ቢጫ እስኪሆን አንጠብቅ



በአገር ቤት የወፍ በሽታ የምንለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሽንቱ ሲጠቁር፣ ምግብ ሲያስጠላው «የሌሊት ወፍ አልፋበት ነው» ይባል ነበር። ጉበት ከታመመ ዓይን ይናገራል ብለን ነው ያደግነው። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለማይናገረው የጉበት በሽታ ነው፤ ስሙ ሄፓታይቲስ ሲ ይባላል።

በደም የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ምስጥ ምሰሶን ከውስጥ እንደሚበላ፣ ይህም ጉበትን 20 እና 30 ዓመት ዝም ብሎ ሊበላ ይችላል። ሰውየው ይሠራል፣ ልጆቹን ይድራል፣ የልጅ ልጅ ያያል። ቢደክመውም «እርጅና ነው» ይላል። ሲታወቅ ጉበቱ ጠባሳ ይዞ ደርቋል፣ አንዳንዴም ካንሰር ጀምሮታል።

«እኔን ከየት ይይዘኛል?» ትሉ ይሆናል። ቫይረሱ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ከ1992 በፊት ደም የተሰጠው ሰው መመርመር አለበት። በየመንደሩ መርፌ የሚወጋው ሰው አንዱን መርፌ ለስንት ሰው እንደሚጠቀምበትም እናስታውሳለን። ዋግምቱ፣ ንቅሳቱ፣ እንጥል የሚቆረጥበት ምላጭም አለ። ይህን ያደረገ ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም፤ ይመርመር ማለት ነው። አብሮ በመብላት፣ በአንድ ሲኒ ቡና በመጠጣት፣ በመሳሳም ግን አይተላለፍም።

«በየዓመቱ ቁፓት ሖሊም ደሜን ይመረምሩልኛል፤ ቢኖርብኝ ይነግሩኝ ነበር» የሚሉ ብዙ ናቸው። እዚህ ላይ ነው የምንሳሳተው። የስኳርና የኮሌስትሮል ምርመራ ይህንን ቫይረስ አያሳይም። የተለመደው የጉበት ምርመራ ደህና ቢሆን እንኳ ቫይረሱ ሊኖር ይችላል። ሐኪሙ ስሙን ጠቅሶ ማዘዝ አለበት።

ስለዚህ ለቤተሰብ ሐኪማችሁ እንዲህ በሉ፦ «ሄፓታይቲስ ሲ ተመርምሬ አውቃለሁ ወይ? ካልተመረመርኩ ይዘዙልኝ፤ ሄፓታይቲስ ቢም አብሮ ይታይልኝ።» የመጀመሪያው ምርመራ ሰውነታችሁ ከቫይረሱ ጋር ተገናኝቶ እንደሆነ ያሳያል። «አለ» ቢባል አትደንግጡ፤ በራሱ የለቀቃቸው ሰዎች አሉ። ቫይረሱ ዛሬም መኖሩን የሚለየው ሁለተኛው ምርመራ ነው።

ቢገኝስ? ድሮ ሕክምናው እስከ አንድ ዓመት የሚወሰድ፣ የሚያንቀጠቅጥ መርፌ ነበር። ያንን የሰማ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። አሁን ግን የሚዋጥ ኪኒን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይወሰዳል፣ ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይድናል። በሳል ብሪኡት ውስጥም ገብቷል። የምትወስዱትን መድኃኒትና የአገር ቤት ቅጠላ ቅጠል ሁሉ ግን ለሐኪሙ ንገሩ። ጉበት ከመድረቁ በፊት የዳነ ሰው ከብዙ መከራ ይተርፋል፤ ቀድሞ መመርመር የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ደም ተነሣ ሲባል ልቡ የሚቆስል እንዳለ አውቃለሁ። በ1996 የለገስነው ደም ይጣል እንደነበር ሲሰማ ኢየሩሳሌም ወጥተን ጮኸናል። ያ ቁስል እውነት ነው። ይህ ደም ግን የሚሰጠው ለራሳችሁ ጉበት ነው። ውጤቱም የእናንተ ነው፤ ሐኪሙ ያለፈቃዳችሁ ለጎረቤት ቀርቶ ለልጆቻችሁም መናገር አይችልም። ልጅ ፊት መናገር ካሳፈራችሁ አማርኛ የሚያስተረጉም ሌላ ሰው ጠይቁ።

አባቴ ቄስ ስለነበሩ ቤታችን ሕመሙን በሹክሹክታ የሚናገር ሰው አይጠፋበትም ነበር። እሳቸውም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ነግረው ወደ ሐኪም ይልኩት ነበር። ይህ በሽታ ደግሞ ከባለቤቱም ይደበቃልና፣ በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ባልና ሚስት አብራችሁ ሂዱ። ስሙን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፦ ሄፓታይቲስ ሲ።